አሥራ አንድ ቀን ሳይቋረጥ ስለሠራው መስመር

ለተከበሩ የኢንተርኔትና የስልክ አገልግሎት ድርጅት የደንበኞች ጉዳይ ዋና ኃላፊ

ግልባጭ፦ ለሚያነብ ሁሉ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ ሰውነትዎ ጤና፣ ወንበርዎ ምቹ፣ ሰው ሲያንኳኳ የሚሰማ ጆሮዎም ደህና እንደሚሆን ተስፋ በማድረግ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ባለ አምስት ፎቅ ሕንጻ ሦስተኛው ፎቅ ላይ የምኖር የመማሪያ መጻሕፍት አራሚ ነኝ። ሥራዬ ሌሎች የጻፉትን አንብቤ ስህተት መልቀም፣ የለቀምኩትንም በላፕቶፔ ለአሳታሚው መላክ ስለሆነ ኑሮዬ በእርስዎ መስመር ላይ የተንጠለጠለ ነው። ይህን የምጽፈው ለአቤቱታ አይደለም፤ ለምስጋና ነው። ለማንበብ እንዲቀልዎም በቁጥር ከፋፍዬዋለሁ። መሐል ላይ ቁጥሩ ቢጠፋብኝ ከአንዲት አራሚ የማይጠበቅ መሆኑን ስለማውቅ ይቅርታዎን አስቀድሜ እለምናለሁ።

፩. ከሁሉ በፊት ስለ አሮጌው መስመርዎ አመሰግናለሁ። በሕንጻችን ውስጥ ኢንተርኔት ያስገቡት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ አምስተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ የሬድዮ ጠጋኝ። ሕንጻው በሙሉ «ጋሽ አንቴና» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ወደውት ነበር። መስመሩን ያስገቡት ብቻቸውን ሊጠቀሙበት አልነበረም። «ሬድዮ ጣቢያ ማን እንደሚሰማው ይመርጣል እንዴ?» እያሉ የይለፍ ቃሉን ለጠየቃቸው ሁሉ ይሰጡ ነበር። ራውተሩንም ሞገዱ እስከ ታች እንዲወርድ ብለው ከበራቸው በላይ ካለው መስታወት አጠገብ ሰቀሉት። ስምም አወጡለት። ላፕቶፔን ስከፍት፣ በአካባቢው ካሉት ቁጥር ብቻ ከሆኑ የኔትወርክ ስሞች መሐል፣ «በሩ ክፍት ነው» የሚል ይታየኛል።

አሮጌው መስመርዎ በሳምንት ሦስቴ አራቴ ይቋረጥ ነበር። የተቋረጠበት ሰው ወደ ላይ ይወጣል፣ ያንኳኳል። ጋሽ አንቴና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ብቅ ይላሉ። «ደግሞ ጠፋ?» ይላሉ። ራውተሩን ይነቅላሉ፣ እስከ ሠላሳ ይቆጥራሉ፣ መልሰው ይሰካሉ። ተመልሶ እስኪነሳ አራት ደቂቃ ይፈጃል፤ በዚያ አራት ደቂቃ ቆሞ መጠበቅ ደግሞ እሳቸው ዘንድ ክልክል ነው፤ በሩ ሥር ያለችው ወንበር ላይ ይቀመጣል። እኔን «ዛሬ ስንት ስህተት ገደልሽ?» ይሉኛል። አራተኛ ፎቅ ያለችውን ልብስ ሰፊ ስለ ጉልበቷ፣ ሁለተኛ ፎቅ ያለውን የባንክ ጥበቃ ስለ ልጁ ፈተና ይጠይቃሉ። አሁን ሳስበው በዚህ ሕንጻ ውስጥ በየሁለት ቀኑ ሰው የሚያንኳኳው የእሳቸውን በር ብቻ ነበር። ለዚህ ያበቁን እርስዎ ነዎትና እግዚአብሔር ይስጥልን።

፪. ቀጥሎ ስለ አዲሱ መስመር። ሠራተኞችዎ መንገዱን ቆፍረው አዲስ ገመድ ቀበሩ፤ በየበሩ ሥርም «ከእንግዲህ መቋረጥ የለም» የሚል የሚያብለጨልጭ ወረቀት አስገቡ። እኔ በሙያዬ ምክንያት የማስታወቂያ ቃል ቶሎ አላምንም። ይህኛው ግን እስከ አራት ነጥቡ እውነት ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተቋረጠም፤ ስለዚህ ወደ አምስተኛ ፎቅ የሚወጣ ሰው ጠፋ። ከጋሽ አንቴና ጋር አልተጣላንም፤ አልረሳናቸውምም። የምንሄድበት ምክንያት ብቻ ነው ያለቀብን።

፫. ሦስተኛው የእኔ ላፕቶፕ ጉዳይ ነው። በዚያው ሰሞን ተበላሽቶ ጠጋኝ ጋ ገብቶ ነበር፤ ሲመለስ ግን ቀድሞ የሚያውቀውን ሁሉ ረስቶ መጣ። ማክሰኞ ጠዋት ከፍቼ «በሩ ክፍት ነው» የሚለውን ስጫነው አይቶኝ እንደማያውቅ ሁሉ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ስድስት ዓመት ስጠቀምበት አንድም ቀን ጽፌ አላስቀመጥኩትም። ወደ ላይ ወጣሁና ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። ውስጥ ሬድዮ ይናገራል። ከበሩ በላይ ባለው መስታወት የራውተሩ አረንጓዴ መብራቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ። ሬድዮው አለ፣ መብራቱ አለ፣ ኢንተርኔቱ አለ፤ እንግዲያው ሰውየውም አሉ፣ ከሬድዮው የተነሳ ነው ያልሰሙኝ ብዬ ወረድኩ። የእጅ ስልኬን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ አጋርቼ ሥራ ጀመርኩ። የሞባይል ኢንተርኔትዎ ቤቴ ውስጥ የሚደርሰው መስኮቱ ጫፍ ላይ ብቻ ስለሆነ ስልኩን ከመጋረጃው ዘንግ ላይ አስሬ፣ አርባ ገጽ ለመላክ እስከ ምሳ ሰዓት ቀና ብዬ ሳየው ዋልኩ።

ረቡዕ ዳግመኛ ወጣሁ። አራተኛ ፎቅ ላይ ልብስ ሰፊዋ በሯ ላይ ቆማ ከቀሚሷ ክር ስታራግፍ አገኘኋት።

«ወዴት ነው?» አለችኝ።

«ጋሽ አንቴና ጋ። ፓስወርዱን ልጠይቃቸው።»

«ለዚህ ነው እንዴ? ምን ያደክምሻል፣ እኔ ጋ ተጽፏል። ነይ ግቢ።»

የልኬት ደብተሯን አወጣች። ከአንዲት ሙሽራ የወገብና የትከሻ ልክ መሐል በእርሳስ ተጽፎ ነበር። ገለበጥኩት። ከቆምንበት እስከ ጋሽ አንቴና በር አሥራ ስምንት ደረጃ ነው፤ በኋላ ቆጥሬዋለሁ። አመስግኛት ወደ ታች ወረድኩ። ቃሉን አስገባሁ፤ ወደፊት ሳይጠይቀኝ በራሱ እንዲገናኝም በትንሿ ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረግኩ። ተገናኘ። ፍጥነቱ፣ ልንገርዎት፣ ዕድሜዬን ሙሉ አይቼው የማላውቀው ነበር።

፬. ስለ ጥሪ ማዕከልዎ ትሕትና። ጋሽ አንቴና ያሏቸው አንዲት የእህት ልጅ ብቻ ናት፤ በሌላ ከተማ የምትኖር ነርስ። አጎቷ ለሦስት ቀን ስልክ አላነሳ ሲሏት አርብ ዕለት ወደ እናንተ ደወለች፤ መስመሩ ተበላሽቶ እንደሆነ ልትጠይቅ። የእርስዎ አስተናጋጅ ድምፅዋ እንደ ማር ነበር ትላለች። «መስመሩ በሚገባ እየሠራ ነው እህቴ። እንዲያውም ደንበኛችን በዚህ ሰዓት እየተጠቀሙ ነው። ዛሬ ከወትሮው በላይ ነው የተጠቀሙት» አለቻት። ልጅቷም እፎይ ብላ፣ አጎቴ ጭራሽ ጨዋታው ደርቶለታል ብላ ስቃ ወደ በሽተኞቿ ተመለሰች።

አርብ ዕለት በዚያ መስመር ላይ ማን እንደነበረ የእርስዎ መዝገብ ላያውቅ ይችላል፤ እኔ ግን አውቃለሁ። የስምንተኛ ክፍል የሳይንስ መጽሐፍ፣ ከነሥዕሉ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ልኬያለሁ። ልጅቷ የደወለችው በአምስት ሰዓት ነው። አስተናጋጅዎ አልዋሸችም። ጋሽ አንቴናን በኮምፒውተራችሁ ሰሌዳ ላይ በሕይወት ያቆየኋቸው እኔ ነኝ።

፭. በቀጣዩ ሳምንት ሐሙስ ልጅቷ ራሷ መጣች። እንደገና ደውላ መስመሩ እንደሚሠራ ተነግሯት ነበር፤ የዚህን ጊዜ ግን አልሳቀችም። አምስተኛ ፎቅ ወጥታ አንኳኳች፣ ተጣራች፣ ከዚያ ወደ እኛ ወረደች። ከመንገዱ ማዶ አናጢ ተጠራ። ጥበቃው፣ ልብስ ሰፊዋና እኔ ደረጃው ላይ ተደርድረን ቆምን። በሩ ጋ ስንደርስ የሚሸት ነገር ስለነበር ማንም ማንንም አላየም። ሬድዮው አሁንም ይናገራል፤ አረንጓዴዎቹ መብራቶችም እንደዚያው። አናጢው መሣሪያውን ከከረጢቱ ሲያወጣ ልጅቷ የበሩን እጀታ ያዝ አድርጋ ወደ ታች ጫን አለችው።

በሩ ተከፈተ። አልተቆለፈም ነበር።

ልብስ ሰፊዋ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እኔ ማክሰኞ ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ እንጂ እጀታውን አልነካሁም፤ ጨዋ ሰው ሳይፈቀድለት አይገባም ተብዬ ነው ያደግኩት። «በሩ ክፍት ነው» የሚለውን ስም በየቀኑ ስጫነው የኖርኩትም እኔው ነኝ።

ጋሽ አንቴና በመኝታ ክፍላቸውና በኩሽናው መሐል ወለሉ ላይ ነበሩ። የሚገነጥሉት የቀን መቁጠሪያ ሰኞ ላይ ቆሟል። አስከሬኑን ያየው ሐኪም በረጋ ድምፅ ለልጅቷ ነገራት፤ ሙያዋን ስለሚያውቅ አልሸፋፈነላትም። ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። «ወዲያው አልሞቱም» አላት። «አንድ ቀን፣ ምናልባትም ሁለት።»

ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። ክቡር ሆይ፣ እኔ የምኖረው ስህተት በመቁጠር ስለሆነ ይህችን ሒሳብ ብዙ ጊዜ ሠርቻታለሁ። አንድም ቀን ለእኔ የሚስማማ መልስ አልሰጠችኝም። ሬድዮው ባይናገር ኖሮ ይሰሙኝ ነበር? ሰምተውኝስ ቢሆን? እኔስ ድምፃቸውን በሬድዮው ውስጥ ሰምቼ የዜና አንባቢ ነው ብዬ ይሆን? እንደ ድሮው፣ ከእነዚያ ቀናት በአንዱ፣ መስመርዎ ለአንድ ሰዓት እንኳ ተቋርጦ ቢሆን ኖሮ ከሁለተኛ ፎቅም ከአራተኛም ሰው ይወጣ ነበር፤ ደጋግሞ ያንኳኳ ነበር፤ ሲቸግረው ይገባ ነበር። አልተቋረጠም። በስድስት ዓመት ውስጥ ቃልዎን ሙሉ በሙሉ የጠበቁት በእነዚያ አሥራ አንድ ቀናት ነው።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል፤ ባለበት ይቀጥል።

ከቀብሩ በኋላ ልጅቷ መስመሩን ልታዘጋ ፈልጋ ወደ ቅርንጫፍዎ አብረን ሄድን። ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ወጣት ሠራተኛዎ ሥርዓት ያለው ሰው ነው፤ ብድግ ብሎ ነው የተቀበለን። የሞት ማስረጃውን አገላብጦ አየና መለሰልን።

«ባለቤቱ ራሳቸው ቀርበው ካልፈረሙ ሲስተሙ አይቀበልም።»

«ሞተዋል'ኮ» አለችው።

«ይገባኛል እህቴ፣ ነፍስ ይማር። ግን ሲስተሙ ላይ አልሞቱም። ወይ ደግሞ ከእሳቸው ውክልና ያምጡ።»

ሦስት ጊዜ ተመላለስን፤ ሦስቱንም ጊዜ ነፍስ ይማር አለን። በሦስተኛው ልጅቷ ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። የዓመቱ ተከፍሏል፣ ይሠራ፣ እሱም መጥፋቱን አይወድም ነበር ብላ የቤቱን ቁልፍ ለእኔ ትታ ወደ ከተማዋ ተመለሰች። ራውተሩን ከግድግዳው መንቀል የአንድ ደቂቃ ሥራ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ማን ይንቀለው? ሕንጻው ውስጥ ስለዚህ ጉዳይ የሚያነሳ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ ይጠቀም ነበር።

እኔ ላለመጠቀም ሞክሬያለሁ። ሲም ካርድ የሚገባበት የሞባይል ኢንተርኔት መሰኪያ ገዝቼ ላፕቶፔ ጎን ላይ ሰካሁ። መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ አዛወርኩ። ሲመቸው ይሠራል። ነገር ግን የእናንተ ሞገድ ደከም ባለ ቁጥር ላፕቶፑ እኔን ሳይጠይቅ የተሻለውን ይመርጣል፤ ምልክቱን ያደረግኩለት እኔ ነኝና አልፈርድበትም። አንድ ገጽ ላይ አንገቴን ደፍቼ ቆይቼ ቀና ስል ከታች ጥግ ላይ «በሩ ክፍት ነው፤ ተገናኝቷል» ይለኛል። በጠራራ ፀሐይ፣ መንገዱ ላይ ሰው ሲተራመስ፣ ተነስቼ የቤቴን በር አያለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ከላይ ሬድዮ የሚናገር ይመስለኛል፤ ሬድዮውን ልጅቷ በእጇ እንዳጠፋችው አይቻለሁ። ኔትወርኩን ከላፕቶፑ ለማጥፋት ሄድኩ። ማሽኑ «ይህን ኔትወርክ ይርሱት?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ከሥሩ ሁለት ቁልፍ፣ አዎና አይ። ጣቴን ሰብስቤ ላፕቶፑን ዘጋሁት። ሁለት ወር እንዲህ ኖርኩ።

ከዚያ የምስክር ወረቀትዎ መጣ። በጋሽ አንቴና በር ሥር ግማሹ ወደ ውጭ ወጥቶ አገኘሁት፤ ወፍራም ወረቀት፣ ዳሩ ወርቃማ። «ባለፈው ሩብ ዓመት በአካባቢዎ ከፍተኛውን አጠቃቀም በማስመዝገብዎ የታማኝ ደንበኛ ሽልማት አሸናፊ ሆነዋል፤ እንኳን ደስ አለዎት» ይላል። ከታች በትንንሽ ፊደል፣ ዓይኔ ትንንሽ ፊደል ለምዷልና፣ ሽልማቱን ለመቀበል በአካል መቅረብ እንደማያስፈልግ ተጽፏል። ፊርማው የእርስዎ ነው። አንድም የፊደል ግድፈት አላገኘሁበትም።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቁልፉን ይዤ ወጣሁ። በሩን ከውስጥ ገርበብ አድርጌ ወንበሯ ላይ ቆምኩና ራውተሩን ነቀልኩት። አረንጓዴዎቹ መብራቶች አንድ በአንድ ጠፉ። ሠላሳ ቆጠርኩ። መልሼ አልሰካሁትም፤ ወርጄ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ቤቱ ከወንበሯ በቀር ባዶ ነበር፤ ግድግዳው ላይ ቀን መቁጠሪያው የተሰቀለበት ምስማር ብቻ ቀርቷል። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ ከታች በር ሲከፈት፣ ከዚያ ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ። ኮቴው ፎቅ በፎቅ ወጣ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ተንኳኳ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚያች ወንበር ላይ ሆነው ሲሰሙት ማንኳኳት ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ አላውቅም ነበር። እንጨቱን አልፎ ደረት ውስጥ ነው የሚገባው። ከሬድዮ በላይ ይሰማል፤ ከምንም በላይ ይሰማል። ሁለተኛ አልተንኳኳም፤ ውጭ የቆመው ሰው ምን እንዳደረገ ትዝ ብሎት ደርቆ መቆሙን ከትንፋሹ አወቅኩ።

«ግባ» አልኩ እንደምንም።

ጥበቃው ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጠፋብኝና... ልማድ ሆኖብኝ ወጣሁ» አለ። «ምን ነካኝ? አንቺ እዚህ መሆንሽን አላወቅኩም።»

«እኔ ነኝ የነቀልኩት።»

ራውተሩን አየ፣ እኔን አየ። «አበጀሽ» አለና ወለሉ ላይ ተቀመጠ። የልጁ ፈተና እንዴት እንደሆነ ጠየቅኩት። አልፏል። ሰው እስኪጠይቀው ሁለት ወር ይዞት ነበር የቆየው።

አሁን በየቤታችን የየራሳችንን መስመር አስገብተናል፤ ስለዚህም ደንበኞችዎ ከአንድ ወደ ዘጠኝ አድገዋል፣ እንኳን ደስ አለዎት። ለእርስዎ የማቀርበው ልመና አንድ ብቻ ነው። የጋሽ አንቴናን ስም ከመዝገብዎ ይሰርዙላቸው። ፊርማ ካስፈለገ ወደ መቃብራቸው የሚወስደውን መንገድ ላሳይዎ ፈቃደኛ ነኝ፤ በአካል ይገኛሉ።

እስከዚያው ሥራዎ እንዲቃናልዎ፣ ሰሌዳዎም ዘወትር አረንጓዴ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ በአገልግሎትዎ ጥራት እንቅልፍ ያጣች፣ የታማኝ ደንበኛዎ የስድስት ዓመት ጥገኛ፣

የሦስተኛ ፎቅ አራሚ

ተጨማሪ፦ ይህን ጽፌ ከመጨረሴ ትናንት ከሰዓት በኋላ የሁላችንም መስመር በአንድ ጊዜ ጠፋ። በየፎቁ በር ተከፈተና ደረጃው ላይ ተገናኘን። ልብስ ሰፊዋ ምድር ቤት የሚኖሩትን ጡረተኛ የሒሳብ መምህርት ከእሁድ ጀምሮ ያየ ሰው እንዳለ ጠየቀች። ያየ አልነበረም። ስድስት ሆነን ወረድንና አንኳኳን። መምህርቷ ራሳቸውን በፎጣ ጠቅልለው፣ ጆሯቸው ላይ አረፋ እንዳለ ከፈቱ። «ምን ሆናችሁ ነው ሰልፍ የወጣችሁት?» አሉ። ጥበቃው ኢንተርኔት ጠፍቶ ነው አላቸው። «እኔ ቤት'ኮ ኢንተርኔት የለም» አሉ ግራ ገብቷቸው። «እናውቃለን» አለች ልብስ ሰፊዋ። ገመዱን በስህተት የቆረጠው ሠራተኛዎ ሊቀጣ እንደሆነ ሰምቻለሁ። በሕንጻችን ስም እለምንዎታለሁ፣ አይቅጡት።